ጎርናናዋን ለማየት

ሰፈሩ ሁሉ «ሙሽራ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጡላት አማቷ ናቸው። በሠርጓ ማግስት «ሙሽራዬ፣ ነይ ቁርስ ብዪ» አሏት፤ ከዚያ ወዲያ ዓመታት ቢነጉዱም፣ የሠርግ ቀሚሷ ጠቧት ለሰው ቢሰጥም፣ ስሙ እንዳለ ቀረ። ባሏ ከሞተ በኋላ ጎረቤቱ ይህን ስም ሊጠራ ሲል ምላሱ ይያዝ ጀመር። የአማቷ ምላስ ግን አልተያዘም። ከቀብር እንደተመለሱ አጠገቧ ተቀምጠው «ሙሽራዬ፣ ጫማሽን አውልቂ፤ እግርሽ አብጧል» አሏት። ያን ቀን ስንት ሰው ስንት ነገር ተናግሯታል፤ ልቧ ውስጥ የቀረው ይኸው ብቻ ነው።

ሙሽራ ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነበር። ሐኪሞች የሰውን ድድ ቅርጽ በጄሶ አንሥተው ይልኩላታል። እሷ ሮዝ ሰም አቅልጣ ትቀባበታለች፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሰሙ ላይ ትተክላለች፤ ንክሻው ገጠመ አልገጠመ እያለች ታይና መልሳ ታስተካክላለች። አማቷ አፍ ውስጥ ያለው የላይኛው ጥርስ በሙሉ የእጇ ሥራ ነው። እሳቸውም ለማያውቁት ሰው ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ያሳዩ ነበር። «የሰው ምራት አማቷ ላይ ጥርስ ትነክሳለች፤ የእኔዋ ግን ጥርስ ሠራችልኝ!» ይላሉ።

አማቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚያረፍድ ተማሪ እየለቀሙ ሜዳ ሲያስጠርጉ ኖረዋል። ዛሬ ትልልቅ ሰው የሆኑት እነዚያ ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ሳያስቡት እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ።

አንድ ጠዋት ሙሽራ ሰም እያቀለጠች ሳለ መደርደሪያው ላይ ያለው ራዲዮ ጎርናናዋ ልትመጣ ነው አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በከተማው ትልቁ አዳራሽ። ሙሽራ የሰሙን ማንኪያ እሳቱ ላይ እንደያዘች ቀረች።

«እየተቃጠለ ነው» አላት ከጎኗ ያለው ሠራተኛ። ይህ ሰው የጥርስ ማለስለሻው ሞተር ላይ የሚውል ነው፤ ሲስቅ ታይቶ ስለማያውቅ የሥራ ጓደኞቹ «ፈገግታ» ብለውታል።

«ጎርናናዋ ልትመጣ ነው» አለችው።

«ሰማሁ። ሰሙን አውርጂው።»

ጎርናናዋ የሶል ዘፋኝ ናት። እውነተኛ ስሟን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚጠራት ግን በድምፅዋ ነው። ድምፅዋ ወፈር፣ ሻከር ያለ፣ ከጉሮሮ ሳይሆን ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ቦታ የሚመጣ ነው። ከኋላዋ ኦርጋን ሲያጉረመርም፣ ሳክስፎኖቹ ሲመልሱላት፣ እሷ አንዲቱን ቃል ይዛ ስታሻት፣ ስትለምናት፣ ስትቆጣት፣ የሰማ ሰው ጉዳዩ የራሱ ይመስለዋል። ሙዚቃ የሚያውቁት ሶል ይሉታል። ሙሽራ «የሆድ ዘፈን» ነበር የምትለው።

ከባሏ ጋር ያስተዋወቀቻትም እሷው ናት። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሁልጊዜ የጎርናናዋን ዘፈን ይከፍት ነበር። ሙሽራ ያን ጊዜ ገና ሥራ ጀማሪ ናት፤ ባዶውን የመጣ አውቶቡስ እያሳለፈች የእሱን ጢም ያለ አውቶቡስ ትጠብቃለች። እሱም ይህችን ቆንጆ ልጅ አስተዋላት። ለብዙ ወራት በመስተዋት ሲያያት ከርሞ በመጨረሻ አነጋገራት። «የምትጠብቂው እኔን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዘፈኑን ነው!» እያለ ሲስቅ ኖረ።

መዝፈን ይወድ ነበር፤ አይችልም እንጂ። ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ ችግሩ መዘግየቱ ነው። ዜማው ሲያልቅ እሱ ገና መሐል ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ከፍ ማለት የሚገባውን ደግሞ ወደታች ይጥለዋል። ሙሽራ «ዘፈኑ ከፌርማታ ተነሥቶ ሄዷል፤ አንተ ገና ተሳፋሪ ትጭናለህ» ትለው ነበር። ሁለቱ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሲዘፍኑ፣ ከግድግዳው ማዶ አማቷ በነጠላ ጫማ ግድግዳውን ይደበድቡታል። «ያቺን ሴትዮ ዝም አሰኙልኝ!» ይሉ ነበር።

«ወደዚህ ከተማ የመጣች ቀን ፍሪጁን ሸጠንም ቢሆን እንሄዳለን» ብሏት ነበር ባሏ። ሳትመጣ፣ እሱ ሄደ። አንድ ጠዋት አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ፤ ተሳፋሪዎቹን «ይቅርታ፣ ትንሽ አሞኛል» አላቸው፤ መሪው ላይ ደገፍ እንዳለ ልቡ ቆመ። አንድም ተሳፋሪ አልተጎዳም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሽራ የጎርናናዋን ዘፈን አልከፈተችም። ቤቱም፣ ግድግዳውም ዝም አሉ።

በምሳ ሰዓት ወደ አዳራሹ ትኬት መሸጫ ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነው። ተራዋ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ቀና ሳትል «ስንት?» አለቻት።

«ሁለት።»

ተቀብላ መንገድ ተሻግራ ትንሽ ከሄደች በኋላ ነው ሁለት ማለቷ የገባት። የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆመች፤ ሰው እየገፋት አለፈ። ልመልሰው ብላ ዞር አለችና ሰልፉን አይታ ተወችው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰልፉን ሳይሆን ለሴትዮዋ የምትሰጠውን ምክንያት ነበር የፈራችው።

ፈገግታ ሲሰማ «ሽጪው፤ ሰው ይሻማበታል» አላት።

«የእሱን ወንበር ነው የምሸጠው?»

ሞተሩን አጠፋና አያት። መልሶ አስነሣው።

ማታ ምግብ አቅርባ ከአማቷ ጋር ሲበሉ አማቷ ዕቃ መደርደሪያው ላይ የተቀመጡትን ትኬቶች አይተው ኖሮ «ሁለተኛው የማነው?» አሉ።

«የማንም። አፌ አመጣው፣ እማማ።»

አማቷ ጥቂት አኘኩ። «እኔ እሄዳለሁ።»

«እርስዎ እኮ አይወዷትም!»

«መውደድ ማን አለ? ልጄ ሊቀመጥበት በተመኘው ወንበር ላይ የማላውቀው ባዳ ተዘርፍጦ ከረሜላ ሲመጥ ይዋል? ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ እቀመጣለሁ። ወንበሩን ነው የምይዘው።»

ሙሽራ ሳቀች ለማለት አያስደፍርም፤ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ። ሆዷ ግን ሌላ ነገር ይዟል። አብራት የተማረች አንዲት የጥርስ ሐኪም ራቅ ባለ ከተማ ክሊኒክ ከፍታ የጥርስ መሥሪያ ክፍሉን እንድትመራላት ጠይቃታለች። አዲስ ክፍል፣ አዲስ መሣሪያ፣ የምታስተምራቸው ሁለት ጀማሪዎች። መልሱን በዚህ ወር ውስጥ ትፈልጋለች። ሙሽራ መሄድ ፈልጋለች። በየዕለቱ የባሏን ባዶ ፌርማታ እያየች ወደ ሥራ መሄድ አድክሟታል። ግን እኚህን ሴትዮ ምን ብላ ትተዋቸዋለች? ታናሽ እህታቸው እታች ፎቅ ይኖራሉ፤ ሁለቱ ግን ሲገናኙ ሰላምታቸው ራሱ ጭቅጭቅ ነው። ልንገራቸው ብላ ስንቴ አፏን ከፍታ ስንቴ «ሻይ ላምጣልዎ?» ብላ እንደዘጋችው እሷ ናት የምታውቀው።

እሑድ ደረሰ። አማቷ በትምህርት ቤት በዓል ቀን ብቻ ይለብሱት የነበረውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለበሱ፤ አረንጓዴ ሻርፕ አደረጉ፤ ጥርሳቸውን ሁለት ጊዜ ቦረሹ። ሙሽራ ከስንት ጊዜ በኋላ ከንፈሯን ቀለም ቀባች፤ መልሳ ጠረገችው፤ አማቷ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ኖሮ «ቀቢው» አሏት። ቀባችው።

አዳራሹ ከውጭ የሚያስፈራ፣ ከውስጥ የሚያስደነግጥ ነው። እብነ በረድ ደረጃው እንደ ወንዝ ሰፍቶ ይወርዳል፤ የእጅ መደገፊያው ነሐስ ስንት እጅ እንዳሻሸው እንጃ፣ ያብለጨልጫል። ጣሪያው ላይ ደመና ተስሏል፤ ከደመናው መሐል ቤት የሚያህል የብርጭቆ መብራት ተንጠልጥሏል። አማቷ አንገታቸውን ወደኋላ ጥለው ብዙ ቆዩ።

«ይህን ሁሉ ብርጭቆ ማን ነው የሚያጥበው?» አሉ በመጨረሻ።

ትኬታቸው የመጨረሻው ፎቅ ነው፣ ጣሪያው ሥር። ቀይ ጃኬት የለበሰች አስተናጋጅ የአማቷን ጉልበት አየት አድርጋ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ሊፍቱ ተበላሽቷል» አለች።

«የተበላሸው ሊፍቱ አይደል? እኔ ምን ሆንኩ?» ብለው ደረጃውን ጀመሩ።

አንደኛውን ፎቅ በኩራት ወጡት። ሁለተኛውን በትንፋሽ። ሦስተኛው ላይ ትልቅ መስተዋትና ቀይ ከፋይ የለበሰ አግዳሚ ወንበር ስላገኙ ተቀመጡ። ሰው በአጠገባቸው ሽቶውን እየተወ ያልፋል። አማቷ ጉልበታቸውን እያሹ በጥሩ መንፈስ ማውራት ጀመሩ።

«ዝናቡ ሲያልፍ ቤቱን ቀለም እናስቀባዋለን፤ ያንቺን ክፍል ነጭ። መጋረጃውንም እንቀይረዋለን። ከርሞ ደግሞ መስኮቱን...»

ሙሽራ ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም። ከርሞ የሚባለው ነገር እንደ ድንጋይ ተጫናት። ቦታው እንዳልሆነ፣ ሰዓቱ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ አፏ ግን አልጠበቃትም።

«እማማ፣ እኔ ከርሞ እዚህ ላልኖር እችላለሁ።»

ነገረቻቸው። ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ከተማው። ስትናገር ዓይኗን መስተዋቱ ላይ አድርጋ ስለነበር የአማቷን ፊት በመስተዋቱ ነው ያየችው። መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ቀጥሎ ፊታቸው ድሮ በር ላይ ቆመው የሚያረፍዱትን የሚጠብቁበትን ፊት ሆነ።

«ልጄን ቀበርኩ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንቺን ደግሞ በአውቶቡስ ልሸኝሽ?»

«እማማ...»

«ጀምረዋል መሰለኝ። ተነሺ።»

እጇን ሳይዙ የቀረውን ደረጃ ወጡ። ዝቅ ያለው ወንበራቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በመሐላቸው ያለው የክንድ ማሳረፊያ ላይ የአንዳቸውም ክንድ አላረፈም። ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች ጮክ ብለው ያወራሉ። አማቷ ዞረው አዩዋቸው። ጎረምሶቹ ዝም አሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

መብራቱ ጠፋ።

ሙሽራ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ደቂቃ ደረሰና ደስታው የት እንደገባ ጠፋባት። መድረኩ ከላይ ሲያዩት ትንሽ፣ ሞቅ ያለ፣ እንደ በራ መስኮት ነው። ኦርጋኑ ከታች አጉረመረመ፤ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ በወንበሩ እግር በኩል መጥቶ ጀርባዋ ውስጥ ገባ። ሳክስፎኖቹ ተነሡ። ከዚያ ጎርናናዋ ገባች።

አርጅታለች። ፎቶግራፎቹ ላይ ያለችው ረጅሟ ሴት አጥራለች፤ በከዘራ ነው የምትራመደው። ወርቃማ ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ከዘራዋን ኦርጋን ተጫዋቹ ጭን ላይ ጣለችና ከፍ ያለ ወንበር ላይ በዝግታ ተቀመጠች። ሕዝቡ ዝም እስኪል ጠበቀች። ዝም ሲል ደግሞ ትንሽ ጨምራ ጠበቀች። ከዚያ አንዲት ቃል ለቀቀች።

ድምፅዋ እንደ ድሮው አልነበረም። ከላይ ያለው ቀጭኑ ጫፍ ሄዷል። ከታች ያለው ግን፣ ያ ሻካራው፣ ያ ወፍራሙ፣ ይበልጥ ወርዶ፣ ይበልጥ ሰፍቶ ነበር። ድሮ ትሮጥበት የነበረውን ዛሬ በእግሯ ትሄድበታለች። መድረስ የማትችልበት ቦታ ላይ ስትደርስ አልሸሸችም፤ ዝም ትልና ሳክስፎኑ እንዲደርስላት እጇን ትዘረጋለታለች፤ እሱም ያደርሰዋል። አዳራሹ ጮኸ። ሙሽራ ሳታውቀው የክንድ ማሳረፊያውን ጨብጣ ኖሯል።

አማቷ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጥጥ ጆሯቸው ውስጥ አልነበረም።

ጥቂት ዘፈኖች አለፉ። ከዚያ ኦርጋኑ አንድ የታወቀ መግቢያ መጫወት ሲጀምር ሙሽራ ከወንበሯ ቀና አለች። የእነሱ ዘፈን ነው፤ የአውቶቡሱ፣ የመኝታ ቤቱ። ጎርናናዋ ዓይኗን ጨፍና ጀመረችው።

*በሩን ገርበብ አድርገህ ተወው፣*
*ለብቸኛ ሰው ነፋስም ሰው ነው...*

ሙሽራ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ጠብቃ ነበር። አለቅሳለሁ ብላለች፤ መሃረብ ይዛለች። ተነሥቼ እወጣም ይሆናል ብላለች። አንዱም አልመጣም። ዘፈኑ እየመጣ፣ እየነካት፣ ሳይገባ ይመለሳል።

በዚህ መሐል ከቀኝ ጎኗ አንድ ድምፅ ሰማች።

*...ነፋስም... ሰው ነው።*

ዘግይቶ መጣ። ጎርናናዋ ቃሉን ጨርሳ ሌላ ስንኝ ጀምራለች፤ ድምፁ ገና መሐል ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ከፍ ማለት ሲገባው ወደታች ወደቀ። የሙሽራ ጠጉሯ ቆመ። ያንን መዘግየት ታውቀዋለች። ያንን አወዳደቅ ታውቀዋለች። በዓለም ላይ ይህን ዘፈን እንደዚህ አድርጎ የሚያበላሸው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ቀስ ብላ ዞረች። አማቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ወደ ላይ አድርገው ይዘፍናሉ። እያንዳንዷን ቃል ያውቋታል። የተቆጣጣሪ ጉሮሮ ነውና ድምፃቸው አይናቅም፤ ሜዳ ሙሉ ተማሪ ሲጠራ የኖረ ድምፅ ነው። ከፊት ያለ ሰውዬ ዞሮ «እሽሽ!» አለ። አልሰሙትም።

ጎርናናዋ ግን ሰማች። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ሁልጊዜ ሙዚቃው ቆም የሚልበት ቦታ አለ፤ አዳራሹ ውስጥ ጸጥታ ይሆናል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር፣ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ብቻውን የቀረውን ስንኝ አዝግሞ ጨረሰው።

ሰው ሁሉ ቀና አለ። ጎርናናዋ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ ላይ አማተረች።

«እዚያ ላይ ከእኔ ኋላ የምትዘፍነው ማናት?»

ሙሽራ መሬት ብትዋጣት በወደደች። አማቷ ግን የፊቱን ወንበር ይዘው ተነሡ።

«እኔ ነኝ!»

«እናቴ፣ ዘግይተሻል እኮ!»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አርፋጅ ስቀጣ የኖርኩ ሴት ነኝ!» አሉ አማቷ፣ ያለ ማይክ፣ አዳራሹን እስከ ታች እየሞሉ። «አንቺ ነሽ የቸኮልሽው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናደ። ከበሮ መቺው ዱላውን ጣለ። ጎርናናዋ ራሷ ጭኗን እየመታች ሳቀች፤ ከሳቋ ላይ ሳል መጣባት፤ ውሃ ጠጣች። ከዚያ ኦርጋን ተጫዋቹን አየችው።

«እውነቷን ነው» አለች። «ወዴት ነው የምንሮጠው? ከመጀመሪያው እንያዘው። በእናታችን እርምጃ።»

እንደገና ተጀመረ፤ በጣም በዝግታ። እያንዳንዱ ቃል ሰው ተቀምጦ የሚያርፍበት ያህል ሰፋ። አማቷ እንደዚያም ሆኖ ትንሽ ዘገዩ። መጨረሻውንም እንደ ልማዳቸው ወደታች ጣሉት። ሙሽራ ግን በዚህ ጊዜ እየሳቀች ነበር፤ እየሳቀች ደግሞ እንባዋ ይወርዳል፤ የትኛው የቱን እንደጀመረው አታውቅም። የአማቷን ክንድ ያዘች። አማቷ አላስለቀቁም። ሕዝቡ ሁሉ ሲዘፍን እሷም ዘፈነች፤ ድምፅዋ ከረጅም ዝምታ በኋላ ዝጎ ነበር፤ ቢሆንም ወጣ።

ሲወጡ ገና ብርሃን ነበር። ሰው ሁሉ በደረጃው ላይ ለአማቷ መንገድ እየለቀቀ ያጨበጭብላቸው ጀመር። እነዚያ ሁለት ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ ደግፈው አወረዷቸው። ያች ቀይ ጃኬት የለበሰችው አስተናጋጅ «እማማ፣ ነገም ይምጡልን» አለቻቸው። «ሊፍታችሁን ሥሩና እናያለን» አሏት።

አዳራሹ ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ድንጋዩን አሙቃዋለች።

«እንደ እሱ ነው የሚዘፍኑት» አለች ሙሽራ።

«እሱ ነው እንደ እኔ የሚዘፍነው። ከእኔ ነው የወረሰው። አባቱማ ድምፁ ያምር ነበር።» ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ሕፃን እያለ ሳስተኛው እዘፍንለት ነበር። ቶሎ ነበር የሚተኛው። ለመገላገል ይመስለኛል።»

«ቃሉን በሙሉ ከየት አወቁት?»

«ከግድግዳው ነዋ! ስንት ዓመት ሙሉ!»

«ይጠሏት አልነበር? በጫማ ግድግዳውን ሲደበድቡ...»

አማቷ ወደ መንገዱ ዞር አሉ። «መጀመሪያ ዝም እንድትሉ ነበር። በኋላ በኋላማ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ከበሮ እየመታሁላችሁ ነበር እንጂ።»

ሙሽራ ያን ድብደባ አሰበችው። እውነትም፣ አሁን ስታስበው፣ ዘግይቶ ዘግይቶ ይመጣ ነበር። ሳቋ እንደገና አፈናት። ስትስቅ አማቷ አዩዋት። ከዚያ ፊታቸው ላላ፤ ሳትጠብቀው እጇን ያዙ።

«ቅድም ክፉ ተናገርኩሽ።»

«አይ እማማ፣ እኔ ነኝ ቦታ ያላየሁት።»

«ቦታማ አላየሽም፤ ደረጃ ላይ!» አሉ። «ግን ስሚኝ። እዚያ ላይ ቆሜ ስለፈልፍ ዘወር ብዬ አየሁሽ። ጥርስሽን አየሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ! ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን እኔ አንቺን ሳይ፣ አንቺ እኔን ስታዪ፣ ሁለታችንም የምናየው እሱን ነው። ያ ደግሞ ማንንም አያፋፋም።» እጇን ለቀቁላት። «ሂጂ።»

«ብቻዎን...»

«ብቻዬን ማን አለሽ? ያቺ ነዝናዛ እህቴ እታች ያለው ቤቷ ጠቧታል፤ ዓመት ሙሉ ስትጎነትለኝ ነበር። ወደ ላይ ትምጣና ፊት ለፊት እንጣላ። ደረጃ ለደረጃ መጣላት ጉልበቴን ጨርሶታል።» ጣታቸውን አነሡ፤ ያ የትምህርት ቤት ጣት ነው። «ስልክ ግን ስደውል ካላነሣሽ፣ ፖሊስ ይዤ ነው የምመጣው።»

ሙሽራ ራሷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። አውቶቡስ መጣ፤ አሳለፉት። ሌላም መጣ፤ እሱንም አሳለፉት።

ወሩ ሲለወጥ ሄደች። አዲሱ ክሊኒክ ያለበት ከተማ ሜዳ ላይ የተዘረጋ፣ ነፋሻ፣ ሰው የሚያረፍድበት ከተማ ነው። የጥርስ መሥሪያ ክፍሏ ሰፊ መስኮት አለው። ሁለቱ ጀማሪዎች ሴቶች ናቸው፤ አንዷ እጇ ጎበዝ፣ ሌላዋ ምላሷ ጎበዝ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዷት። ቅዳሜና እሑድ የማታውቀውን ከተማ ብቻዋን ስትዞር ትውልና ቤቷ ስትገባ ለማን «መጣሁ» እንደምትል ይጠፋባታል። አንድ ቀን ግን ሰም ላይ ጎንበስ ብላ ጥርስ ስትተክል ባለ ምላሷ ጀማሪ «እትዬ፣ ምንድን ነው የሚያዜሙት?» አለቻት። ሙሽራ ማዜሟን አላወቀችም ነበር። ዘፈኑን ነገረቻት። በማግስቱ ልጅቷ በስልኳ ከፍታው መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ ክፍሉ ውስጥ ጎርናናዋ ያልዘፈነችበት ቀን የለም።

አማቷ በየማታው ይደውላሉ። ስለ እህታቸው ክስ ያቀርባሉ፤ እህታቸው ከኋላ ሆነው መልስ ይሰጣሉ፤ ሙሽራ ዳኛ ትሆናለች። ድምፃቸው ግን ደህና ነበር። ከሁሉ በላይ ይህ ነው ያሳረፋት።

ብርዱ ሲያልፍ ሊጠይቋት መጡ። አውቶቡሱ ጣቢያ ሲገባ ሙሽራ በመስኮቱ አየቻቸው፤ ከሹፌሩ ጋር እየተሟገቱ ነው።

«አርፍደሃል!» ይሉታል ሲወርዱ። «በጠዋት ተነሥተህ አርፍደሃል!» ከዚያ ሙሽራን አዩና ሁሉን ረስተው አቀፏት። ራቅ አድርገው ደግሞ አዩዋት። «ሙሽራዬ፣ ከስተሻል።»

«አልከሳሁም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ወፍረሻል። አንዱን ሆነሻል።»

ሻንጣቸውን ከሙሽራ እጅ የተቀበለ አንድ ረጅም ሰው ነበር፤ በትሕትና እጅ ነሣቸው። ሙሽራ «ጎረቤቴ ነው፤ መምህር ነው። ሻንጣው ይከብዳል ብሎ ነው አብሮኝ የመጣው» አለች፣ ሳትጠየቅ።

ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ ከፊት ቀደመ። አማቷ ከኋላው፣ ከጫማው እስከ አንገቱ፣ እንደ ተማሪ ፈተሹት። የለበሰው ሸሚዝ በደንብ ተተኩሷል።

«ያረፍዳል?» አሉ በሹክሹክታ።

«እማማ!»

«ጠየቅሁ እንጂ ዳርኩሽ አልኩ?»

ሙሽራ ፊቷ ጋለ። አማቷ ክንዷን ያዙና ጉልበታቸውን እያሰቡ፣ በራሳቸው እርምጃ፣ ቀስ ብለው መራመድ ጀመሩ። ሰውዬው ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።